ባቡር አይተው የማያውቁ ሕፃናትን ወደ ባቡር ሙዚየም መውሰድ፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ
የሁለት ልጆች አባት፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ወንዱ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ ሴቷ አራት ዓመቷ ነው። ሁለቱም ተወልደው የሚያድጉት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው፤ በጎጃም ምድር ሐዲድ ስላልተዘረጋ ባቡርን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሥዕልና ከስልክ ላይ ብቻ ነው። ልጁ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከባቡር ሌላ ጨዋታ አያውቅም። ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ከጎረቤት ሁሉ እየለቀመ ፉርጎ ይሠራል፣ በቆርኪ ጎማ ያወጣለታል፣ አምስት ስድስቱን በሲባጎ ቀጥሎ በግቢው ዙሪያ እየጎተተ ይውላል፤ ማታ ከመተኛቱ በፊትም ፉርጎዎቹን ቆጥሮ ከአልጋው ሥር ያስገባቸዋል።

በሚመጣው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሁለቱንም ይዤ አዲስ አበባ፣ አቅሜ ከፈቀደም እስከ ድሬዳዋ ድረስ ሄጄ እውነተኛ ባቡር ላሳያቸው አስቤአለሁ። ይህንን ለልጆቹ ስነግራቸው ወንዱ ከደስታው ብዛት እንቅልፍ አጣ፤ ሴቷ ግን ትንሽ አሰበችና «አባዬ፣ እህል ልናስፈጭ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አያቷ ዘንድ ገጠር ስትሄድ «ባቡር» ሲባል የምትሰማው የወፍጮውን ሞተር ነው። እኔም ራሴ «እህሉን ባቡር ቤት አድርስ» እየተባልሁ ስላደግሁ ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ምን ብዬ እንደምመልስላት ቸገረኝ።

የምፈራው ያለፈው ዓመት ነገር እንዳይደገም ነው። አንድ ሙዚየም (የባቡር አይደለም፣ ስሙንም መጥቀስ አያስፈልግም) ሁለቱንም ይዤ ገብቼ ነበር። ዕቃዎቹ የተቀመጡት በአዋቂ ደረት ከፍታ ስለነበር ሴቷ የምታየው የመደርደሪያውን እንጨት ብቻ ነበር፤ አቅፌአት ስዞር ክንዴ ዛለ። አስጎብኚው ዓመተ ምሕረትና ስም እየጠራ የሚያስረዳው ለእኔ እንጂ ለልጆቹ አልነበረም። ወንዱ እጁን አንድ ዕቃ ላይ ሲያሳርፍ ጥበቃው ከሩቅ ጮኸበት፤ እሱ ሲደነግጥ እኅቱ አለቀሰች፤ ግማሹን እንኳ ሳናይ ወጣን። ከዚያ ወዲህ ልጁ «ሙዚየም» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል።

ስለዚህ ሕፃናትን ይዞ ባቡር ያየ፣ በባቡር አገር ያደገ ወይም በውጭ አገር የባቡር ሙዚየምና የሞዴል ባቡር ትርኢት የጎበኘ ሰው ካለ ልምዱን እንዲያካፍለኝ እለምናለሁ። በዚህ ዕድሜ የሚሻለው ትልቁን ባቡር ማሳየት ነው ወይስ ትንሹን ሞዴል? ከመሄዳችን በፊትስ ምን ላዘጋጃቸው? ልጁ ደግሞ «ባቡር ለምን ጎጃም አልመጣም?» ብሎ ደጋግሞ ይጠይቀኛል፤ «ገና ነው» ከማለት የተሻለ መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1
የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ሴት ልጅዎ የጠየቀችው ጥያቄ ለጉዞው የሚያስፈልግዎትን መንገድ ከፍቶልዎታል እላለሁ። «አይ፣ ያ ሌላ ነው» ብለው አያርሟት። ወፍጮውም ባቡር የተባለው በሞተር ስለሚሠራ ነው፤ ስለዚህ «አዎ፣ ያም ባቡር ነው፤ እሱ ቆሞ ድንጋይ ያዞራል፣ የምናየው ደግሞ የራሱን ጎማ እያዞረ ይሄዳል» ቢሏት ከምታውቀው ተነሥታ ወደማታውቀው ትሻገራለች። እንዲያውም ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ወፍጮ ቤት ይውሰዷት። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁን ትስማ፣ ጠፍሩ ከሞተሩ ወደ ድንጋዩ እንዴት እንደሚዞር ከርቀት ትይ፣ ዱቄቱ ሲወርድ እጇን ከሥር ታድርግ። ልጅ አንድን መኪና «ምን ያዞራል?» ብሎ መጠየቅ ከለመደ ሙዚየም ውስጥ የሚያየው ሁሉ ትርጉም ይኖረዋል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ክፍሌ ውስጥ እንደማየው የአራት ዓመት ልጅ በአንድ ነገር ላይ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ልቧን ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ የሚነገራት ሁሉ ጫጫታ ነው። ስለዚህ ሙዚየሙን በሙሉ ለማየት አይሂዱ። አንድ ባቡር ይምረጡ፤ እሱን ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ከተቻለም ከሥር ያሳዩአት፤ ጎማዎቹን ትቁጠር፣ መሰላሉን ትውጣ፣ የት እንደሚቀመጡ ትጠይቅ። ከዚያ ውጡና ብሉ። ልጅ «ገና አልጠገብሁም» እያለ ከወጣ በማግስቱ ራሱ እንመለስ ይላል፤ ደክሞት እያለቀሰ ከወጣ ግን የእርስዎ ልጅ እንደሆነው ቃሉን ራሱን ይጠላዋል። ወንዱ ሰባት ዓመት ስለሆነው ሁለት ሰዓት ቢቆምም አይሰለቸውም፤ ስለዚህ ሌላ አዋቂ ሰው ይዘው ቢሄዱ፣ ሴቷ ስትደክም አንዱ ይዟት ሲወጣ ሌላው ከልጁ ጋር ሊቀር ይችላል። ሁለቱን በአንድ ልክ ለማስኬድ መሞከር ሁለቱንም ይጎዳል።

ሦስተኛው የመጠን ነገር ነው። በስልክ ላይ ባቡር ያየ ልጅ ባቡርን የመዳፍ ያህል አድርጎ ያስበዋል፤ ድንገት ከቤት የሚበልጥ ብረት ፊት ሲቆም ይፈራል። እኔ ተማሪዎቼን የማዘጋጀው በገመድ ነው። አሮጌው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ የአራት ዓመት ልጅ ቁመትም ከአንድ ሜትር ብዙ አይርቅም። ግቢው ውስጥ በገመድ ለክተው በኖራ ሁለት መስመር አንድ ሜትር አራርቀው ቢያሰምሩና ልጅቱን በመካከሉ ቢያስተኟት ጭንቅላቷ አንዱን፣ እግሯ ሌላውን ይነካል። «ሐዲዱ እኔን ያህላል» ብላ ትሄዳለች፤ ስትደርስም የምትፈልገው ያንኑ ይሆናል።

መልስ 2
ድሬዳዋ ያደገ፣ አሁን ፍኖተ ሰላም የሚኖር

መምህርት የጻፉት ሁሉ ልቤን ነክቶታል፤ አንዲት ነገር ብቻ በአክብሮት ላርም። ልጅን በተሰመረ ሐዲድ ላይ ማስተኛት አይገባም። እኔ ያደግሁት ከሐዲድ አጠገብ ነው፤ እኛ ሕፃናቱ ጆሯችንን ብረቱ ላይ አሳርፈን ባቡር መምጣቱን ለማዳመጥ ስንሽቀዳደም እናቶቻችን ምን ያህል እንደተጨነቁ አስታውሳለሁ። ልጅ በጨዋታ የለመደውን በእውነተኛው ላይ ይደግመዋል። ገመዱ ግን እጅግ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በእሱ ብቻ ይጠቀሙ። አንድ ሲባጎ ወስደው አንድ ሜትር ላይ አንድ ቋጠሮ፣ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ላይ ሁለተኛ ቋጠሮ ያድርጉ። የመጀመሪያው የአሮጌው ሐዲድ ስፋት ነው፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ስፋት ነው። ልጁ ገመዱን ኪሱ ይዞ ይሂድ፤ የቆመ፣ ሥራ ያቆመ አሮጌ ሐዲድ ባገኘ ጊዜ ከእርስዎ ጋር ሆኖ ይለካ። ለሰባት ዓመት ልጅ በገዛ እጁ ለክቶ «አባዬ፣ ልክ ነው!» ከማለት የሚበልጥ ጉብኝት የለም።

አሁን ወደ ቦታው ልግባ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ከቀላል ባቡሩ ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ይሄዳል። ሁለቱ መስመሮች መሀል ከተማ ላይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ የለገሃር ጣቢያም በዚሁ ክፍል ላይ ነው። ሠራተኛውና ተማሪው ወደየሥራው ከገባ በኋላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ወዲያ፣ ጥቂት ጣቢያ ተሳፍረው ለገሃር ይውረዱ። ልጆቹ የሚሄድ ባቡር በአካላቸው ይሰማቸዋል፤ ከወረዱ በኋላ ደግሞ አሮጌው ጣቢያ እዚያው ይጠብቃቸዋል። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ አሁን የሚታየው ሕንፃ ግን እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀው ነው። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ እኛም በአፋችን ልክ አድርገን የራሳችን አደረግነው። ከፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ነቅሎ ሮም ወስዶት ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰ መሆኑን ለወንዱ ልጅ ይንገሩት፤ ሴቷ አንበሳውን በማየቷ ብቻ ትደሰታለች። አካባቢው ሰፊ ግንባታ የተካሄደበት ስለሆነ በየትኛው በር መግባት እንደሚቻልና የቆዩትን ፉርጎዎች ማየት የሚፈቀድበትን ሰዓት ቀድመው ቢጠይቁ ልጆቹን ይዘው በር ላይ አይጉላሉም።

ድሬዳዋ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከተማዋ ራሷ ሙዚየም ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር፤ ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ነገር ግን ሐረር ከተራራው ላይ ስለሆነች መውጣቱ ከባድና ወጪው የማይቻል ሆነ። ባቡሩ ተራራውን ትቶ ከሥሩ ባለፈበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ድሬዳዋ የተወለደችው በዚህ ነው። ከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉትን መንገዶችና ጥላ የሚሰጡትን ዛፎች ልጆቹን እያራመዱ ያሳዩአቸው፤ ባቡሩ የሠራው ሰፈር ነውና።

የጣቢያው የጥገና ክፍል ለእኔ የልጅነቴ ቤት ነው። አባቴ እዚያ ሲሠራ ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርሁ። ፈቃድ ጠይቆ መግባት ይቻላል፤ ያረጁ ባቡሮች፣ የብረት መቁረጫና መሞረጃ መኪናዎች አሉ። አባቴ የባቡርን ጎማ ሲመረምር በትንሽ መዶሻ መታ አድርጎ ጆሮውን ያቀና ነበር፤ ደኅና ብረት እንደ ደወል ያስተጋባል፣ ስንጥቅ ያለበት ብረት ግን ድምፁ ይታፈናል። የእኛ እናቶች ገበያ ላይ ማሰሮ ሲገዙ በጣታቸው ኳ አድርገው እንደሚያዳምጡት ማለት ነው። ከመሄድዎ በፊት ቤት ያለውን ደኅና ማሰሮና የተሰነጠቀ ማሰሮ ለልጆቹ እየመቱ ያሰሟቸው፤ ከዚያ ባቡሩ አጠገብ ሲደርሱ ስለ ጎማው ይህን ቢነግሯቸው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይገባቸዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የድሬዳዋ ፀሐይ ከደብረ ማርቆስ አየር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የቆመ ባቡር ብረቱ እጅ ያቃጥላል፤ መሰላል ላይ ልውጣ የሚል ሕፃን ደግሞ መጀመሪያ የሚይዘው የብረቱን እጀታ ነው። በማለዳ ይሂዱ፣ እጅዎን አስቀድመው በብረቱ ላይ አሳርፈው ይፈትኑት። በአዲሱ ባቡር ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ ካሰቡ መነሻው ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ነው፤ የሚነሣበትን ቀን አስቀድመው ያረጋግጡ፣ ውኃና ስንቅም ከቤት ይያዙ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ይመላለስ የነበረው አሮጌው ባቡር ግን ሥራ ካቆመ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለልጁ ቀድመው ካልነገሩት እሱን ካልተሳፈርሁ ሊል ይችላል።

አሁን «ባቡር ለምን ጎጃም አልመጣም?» ለሚለው። ልጅዎ የጠየቀው የመሐንዲስ ጥያቄ ነውና እንደ መሐንዲስ ይመለስለት። የባቡር ጎማ ብረት ነው፣ ሐዲዱም ብረት ነው፤ ብረት በብረት ላይ እንደ ልብ ስለሚንከባለል አንድ ባቡር በትንሽ ጉልበት ብዙ ሸክም ይስባል። ነገር ግን ያው ልስላሴ ዳገት ላይ ጠላት ይሆንበታል፤ ጎማው ብረቱን መጨበጥ አቅቶት በቦታው ይሽከረከራል። አሮጌው ሐዲድ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ቢካፈል በአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ግን በሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በኪሎ ሜትር ከሃምሳ ሜትር በላይ ማለት ነው፤ ከወንዙ ማዶም እስከ ጎሃ ጽዮን ያንኑ ያህል መውጣት አለ። አይቻልም ማለት አይደለም፤ ዋሻ መቦርቦር፣ ድልድይ መሥራት፣ ተራራውን በረጅሙ መዞር ይጠይቃል፤ ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ነው።

ይህንን በሜዳ ያሳዩት። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ ይውሰዱና ከአንዱ ጫፍ ሥር አንድ ቀጭን ደብተር ያስገቡ፤ የጅቡቲው ዳገት ያ ነው። ከዚያ ደብተሩን አውጥተው በምትኩ ሦስት ጣት ከፍታ ያለው እንጨት ያስገቡ፤ የዓባይ በረሃ ያ ነው። የሰርዲን ባቡሩን በሁለቱም ላይ ይጎትት፤ ክንዱ ራሱ ይነግረዋል። ወደ አዲስ አበባ ስትወርዱም ደጀንን ካለፋችሁ በኋላ፣ መኪናው ሲጠማዘዝ ልጆቹ እንዳያስመልሳቸው በመስኮት በኩል አስቀምጠው፣ የህዳሴ ድልድይ እስኪደርሱ ጠመዝማዛውን ይቁጠሩ። ድልድዩ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ ልጁ «ስንት ፉርጎ ይይዛል?» ማለቱ አይቀርም፣ እርስዎም አብረውት ያስሉ።

መልስ 3
የሞጣ ልጅ፣ ከሐምቡርግ ጀርመን

ስለ ሞዴል ባቡር ለጠየቁት የምመልሰው የምኖርበት ከተማ የዓለም ትልቁ የሞዴል ባቡር ትርኢት የሚገኝበት ስለሆነ ነው። ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ይባላል፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ከአንድ ሺህ በላይ ባቡሮች በአንድ ሕንፃ ውስጥ በተሠሩ ተራሮች፣ ከተሞችና ወደቦች መካከል ይመላለሳሉ። ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 የሆነ ሰው እዚያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። በየ15 ደቂቃው መብራቱ ቀስ በቀስ ይደበዝዝና ሌሊት ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ በየቤቱና በየፉርጎው መስኮት ጥቃቅን መብራቶች ይበራሉ። የእኔ ልጅ አምስት ዓመቷ ሳለ ከባቡሩ ይልቅ የወደደችው ያንን ሌሊት ነበር፤ «እንደገና ይምሽ» እያለች ከአንድ ቦታ አልነቃነቅም አለች፤ እኔም ትቼ አብሬአት ሦስት ሌሊት አሳለፍሁ። ሌላውን ክፍል አላየንም፤ በዚህ አልተጸጸትሁም።

ካየሁት ተነሥቼ የምለው ይህ ነው። ትልቁ ባቡር የሚነካ፣ ሞዴሉ የሚታይ ነው፤ ልጆች የሚበሳጩት የሚታየውን ለመንካት ሲፈልጉ ነው። እዚህ ቦታው ይህን ስለተረዳ ጎብኚው ራሱ የሚጫናቸው ቁልፎች አኑሯል፤ ልጁ ሲጫን ከብርጭቆው ማዶ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ እጁ ሥራ አለው። ቁልፍ በሌለበት ቦታ ልጁ የራሱን ትንሽ ባቡር በእጁ ይዞ ቢገባ ይረዳል፤ የእርስዎ ልጅ አንዷን የሰርዲን ፉርጎ ይዞ ይግባ። በዚያ ላይ አዋቂው ይንበርከክ። በልጁ ዓይን ከፍታ ሆነው ካዩት ሞዴሉ ከላይ እንደሚታየው መጫወቻ ሳይሆን ወደ እርስዎ የሚመጣ ባቡር ነው።

በቅደም ተከተል እኔ ትልቁን አስቀድማለሁ። ሞዴል ማለት የሌላ ነገር ምሳሌ ነው፤ ዋናውን ያላየ ልጅ ምሳሌውን እንደ ማንኛውም አሻንጉሊት ያየዋል። መጫወቻ ለመግዛት ካሰቡ ደግሞ ለአራት ዓመቷ ልጅ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ትንሹ ሞዴል አይሆናትም፤ ሐዲዱ በቀላሉ ይሰበራል፣ ክፍሎቹም አፍ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ለእሷ የእንጨት ባቡር ይበቃታል።

መልስ 4
የቡሬ ተወላጅ፣ ከናይሮቢ

በአጭሩ ልጨምር። ከኢትዮጵያ ውጭ ወጥቶ የባቡር ሙዚየም ለማየት አውሮፓ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም፤ ናይሮቢ ጣቢያ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተ የባቡር ሙዚየም አለ። ሜዳ ላይ በተደረደሩት የእንፋሎት ባቡሮች ላይ ልጆች መሰላሉን ወጥተው ነጂው የሚቆምበት ቦታ መቆም ይችላሉ፤ ሣርና ጥላ ስላለ የደከመ ሕፃን ያርፋል። የኬንያው አሮጌ ሐዲድም ስፋቱ እንደኛው አንድ ሜትር ነው፤ ገመዱ እዚህም ይሠራል። ከነዚያ መካከል 5918 የሚል ቁጥር ያለውና በአንድ ተራራ ስም የተሰየመ ባቡር አለ፤ የዚህ ዓይነቶቹ ክብደታቸው 250 ቶን ገደማ ሲሆን በሜትር ስፋት ሐዲድ ላይ ከሠሩት የእንፋሎት ባቡሮች ሁሉ በጉልበት የሚበልጣቸው አልነበረም።

በሙዚየሙ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1900 ኪማ በተባለች ጣቢያ አንበሳ ገብቶ አንድ የፖሊስ ኃላፊ ከተኛበት ጎትቶ የወሰደበት ፉርጎ ይታያል። አስጎብኚዎች ይህንን ታሪክ በደስታ ይናገራሉ። የአራት ዓመት ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ «ይህንን ለልጆቹ አትንገሩ» በሉ፤ የወንድሜ ልጅ ከሰማው በኋላ ለሁለት ሳምንት ብቻዋን አልተኛችም። የእንፋሎትን ሥራ ለማስረዳት ደግሞ የሚፈላ ድስት ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ ማሳየት በቂ ነው፤ ክዳኑን የሚያነሣው እንፋሎት ነው ጎማውን የሚያዞረው።

የጠያቂው ምላሽ
የሁለት ልጆች አባት፣ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጊዜ ሰጥታችሁ እንደዚህ በዝርዝር መጻፋችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከአሥር ቀን በኋላ የተመለስሁት አንዳንዱን ሞክሬ ለመጻፍ ስለፈለግሁ ነው።

ቅዳሜ ለታ ሴቷን ወፍጮ ቤት ወሰድኋት። ሞተሩ ሲነሣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አንዱን እጇን ለቀቀች። ጠፍሩን በጣቴ እያሳየሁ ከሞተሩ እስከ ድንጋዩ ተከተልነው። ዱቄቱን በመዳፏ ከተቀበለች በኋላ ወደ ወፍጮው ባለቤት ዞራ «ሐዲዱ የታል?» አለችው። ሰውየው በጣም ደነቀውና «ይኼኛው ልጄ፣ ቆሞ ነው የሚሠራው» አላት፤ እሷም ወደ እኔ ዞራ «የአዲስ አበባው ነው የሚሄደው» አለች።

ወንዱ ደግሞ በጣውላው ላይ ሦስት ቀን ሠራበት። በደብተሩ ላይ ስድስት ፉርጎ ጎተተ፤ በሦስት ጣቱ ዳገት ላይ ሲባጎው ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ጣውላውን ትቶ በአፈር ላይ ጠመዝማዛ መንገድ ሠራ፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ቀጥ ብሎ ካልወጣ ይዞራል» አለኝ። አጎቱ ከእንጅባራ ቀርቀሃ አምጥቶለት አሁን በአምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ሐዲድ እየሠራ ነው፤ የአንድ ሜትሩ ሐዲድ በሃያ ሲካፈል ማለት ነው። የሚያሳፍረው ሰው በዚያው ልክ ስምንት ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ነግሬው ከጭቃ ያበጃል።

ጋሼ ከፍኖተ ሰላም፣ ስለ ማስተኛቱ የሰጡትን ምክር ተቀብያለሁ፤ ኖራውን ትቼ ሁለት ቋጠሮ ያለው ገመድ አዘጋጅቻለሁ፣ ልጁም ከፉርጎዎቹ ጋር አብሮ አልጋው ሥር ያስቀምጠዋል። ጉዞውን እንደ መምህርት ምክር ከሁለት ከፍዬዋለሁ። አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ ለገሃር ድረስ አብራን ትሄዳለች፤ ሴቷ ስትደክም ይዛት ትወጣለች። ድሬዳዋ ዘንድሮ የምሄደው ከወንዱ ጋር ብቻ ነው፤ ትንሿ ለሙቀቱም ለርቀቱም ትንሽ ትደግ ብያለሁ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ትቀረኛለች፤ የሞጣዋ እኅቴ፣ የእንጨት ባቡሩን እዚህ ላለ አናጢ ላሠራላት አስቤአለሁና ጎማው ከሐዲዱ እንዳይወጣ በውስጥ በኩል ያለው ከንፈር ምን ያህል ወፍራም ቢሆን ይሻላል?

መልስ
የሞጣ ልጅ፣ ከሐምቡርግ ጀርመን

ወንድሜ፣ የሕፃናት የእንጨት ባቡር ጎማ ከንፈር አያስፈልገውም። አናጢው ሰፋ ያለ ዝርግ እንጨት ወስዶ ሁለት ቦይ ይቦርቡርበት፤ ጎማው ክብ ብቻ ሆኖ በቦዩ ውስጥ ይሂድ። ቦዩ ከጎማው ውፍረት ትንሽ ሰፋ ካላለ ፉርጎው መታጠፊያ ላይ ይያዛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ መታጠፊያ ብቻ አሠርተው በልጅቱ እጅ ያስሞክሩት።